«መሠረት» የተባለው ትምህርት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ አንዲት ቃል አባትና ልጅን ልታጣላ የደረሰችበትን ላጫውታችሁ።

የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ አያ ገበያው ልጃቸውን ልዕልትን ከሕክምና ትምህርቷ ሊያስወጧት ቆርጠው፣ ወደ ጎንደር ሊሳፈሩ ወረታ መናኸሪያ ደረሱ። ከጎንደር ከመጣው አውቶቡስ መጀመሪያ የወረደችው ግን ራሷ ልዕልት ሆነች፤ ለእረፍት መምጣቷ ነው።

ጉልበታቸውን ስማ ቀና ሳትል፣ «እንኳን መጣሽ! ከእንግዲህ አትመለሽም» አሏት።

«ምን አጠፋሁ አባባ?»

«አንቺማ ምን ታጠፊያለሽ! ጎረቤታችን ሰውመሆን ነው የነገረኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ መሠረት ነው የሚያስተምሯት አለ። መሠረተ ትምህርት! እኔ በደርግ ጊዜ በሬ ፈትቼ በኩራዝ የተማርኩትን! ፊደል የጨረሰችን ልጅ እንደገና ሀ ሁ?»

ልዕልት ሳቋ አመለጣት። «መሠረታዊ ሳይንስ ነው እኮ አባባ! የደሙ፣ የጉበቱ፣ የተሕዋሲው ነገር።»

«መርፌውንስ መች ትይዣለሽ? እናትሽ ለአገሩ ሁሉ ልጄ ታክማችኋለች ስትል ከርማለች። መድኃኒቱን አሳይተው አይለቋችሁም?»

አያ ገበያው ክፉ አይደሉም። ልጄ ቶሎ ለሰው ትድረስ ማለት ምን ነውር አለው?

ልዕልት ሻንጣዋን አስቀምጣ፣ «ቦራው በሬ እንዴት ሆነ?» አለች።

«ተይኝ እስቲ። የጉበት ትል ነው ብለው መድኃኒት አጠጡት፤ ዳነ ስንል ደግሞ ከሳ።»

«ሲድን የት አሰማሩት?»

«የት ይሰማራል? ክረምት የተኛው ውኃ በሸሸበት፣ ረግረጉ ለምለም ላይ ነዋ!»

«ትሉ የሚያድገው እዚያው ረግረግ ውስጥ፣ ቀንድ አውጣ ሆድ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ ሣሩ ላይ ይጣበቃል፤ በሬው ይግጠዋል። መድኃኒቱ መልካም ነበር፤ የትሉን ኑሮ የነገረዎት ግን የለም። ሰውም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱን ብቻ ባውቅ በሽተኛዬ ድኖ ይሄዳል፣ ታሞ ይመለሳል፤ እኔም ለምን እንደሆነ አላውቅም። ያልተማርኩት በሽታ ሲመጣማ እጄን አጣጥፌ ልቆም ነው።»

«እሱስ ይሁን። ግን በሽተኛ ሳታዪ ልታረጂ ነው?»

«እናያለን እንጂ! ሕመሙን ካልጋው አጠገብ አይተን ነው ምክንያቱን መጽሐፍ ላይ የምንፈልገው። አንዱ ያለ አንዱ አይሆንም።»

አያ ገበያው ወደ ቀያቸው አቅጣጫ ዞረው አዩ። ሐሳባቸው ቦራው ጋ፣ ረግረጉ ዳር ነበር።

«ጎንደር! ጎንደር! አባት፣ አይሳፈሩም?» አለ ረዳቱ።

«እኔ አልሳፈርም» አሉ ሻንጣዋን አንስተው። «እረፍቷን ስትጨርስ እሷን ትወስዳታለህ። ገና መሠረቷን አልጨረሰችም።»

ቦራው መድኃኒቱን ደግሞ ወስዶ ደረቅ መስክ ተሰማራ፤ ሥጋም ያዘ። እናንተም ልጆቼ፣ ሐኪም ለመሆን የሚማር ልጅ ሲዘገይባችሁ፣ የሕመሙን መነሻ እየፈለገላችሁ መሆኑን አደራ አትርሱብኝ።