ከትከሻዬ ኋላ የተቀመጠው ሰው

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ዘፋኝ ማለት ፊት የሚቆም ሰው ነው፣ አለቀ። እናንተ አሁን ክብ ሠርታችሁ፣ ያንን ነገር ጆሯችሁ ውስጥ ሰክታችሁ፣ እርስ በርስ እየተያያችሁ ትጫወታላችሁ፤ ይሁን፣ አልተቃወምኩም። በእኛ ጊዜ ግን እኔ ፊት እቆማለሁ፣ ታደሰ ሳክስፎኑን ይዞ በቀኜ፣ ፒያኖው በግራዬ፣ ሌዳሞ ደግሞ ከነድራሙ ከኋላዬ፣ ግድግዳው ሥር። ታዲያ ታደሰን አየዋለሁ፣ ፒያኖውን አየዋለሁ፣ ሌዳሞን አላየውም። ሐይቁ ዳር ሆቴሉ ውስጥ ጃዝ ከጀመርን ጊዜ አንስቶ እስከ ዛሬ ድረስ ከኋላዬ ነው። እሰማዋለሁ እንጂ አላየውም። ይህቺን ነገር ያዢልኝ፣ ናርዶስ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው።

አይ፣ ቅር እንዳለሽ አውቃለሁ። አትሳቂ፣ አውቃለሁ እኮ! «እትዬ ዘነበች ሦስት ቀን ድራም አስመትተውኝ፣ በአራተኛው ቀን አስነስተው በእጅ የሚመታው ኮንጋ ላይ አስቀመጡኝ፣ ምን አጠፋሁ?» ብለሽ ለታደሰ ነግረሽዋል። ታደሰ ደግሞ ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ነው፣ ምን ሆዱ ውስጥ ይቀራል፣ ያንኑ ቀን መጥቶ ተነፈሰው። ስለዚህ ቁጭ በይና ስሚኝ። ሌዳሞ ከመንደሩ ከቡሹሎ እስኪደርስ ጊዜ አለን፣ ባጃጁ ሰው ካልሞላ አይነሳም።

ለዘፈኔ የተሸለምኩ ዕለት አንቺ አልነበርሽም። አዳራሹ ሞልቷል፣ ዩኒቨርሲቲው ሁሉ ወጥቶ የመጣ ነው የሚመስለው፣ አበባ፣ ካሜራ፣ ምን የሌለ አለ። እና እንደምታውቂው የዛሬ ዘመን ሽልማት ያለ ካባ አይሆንም። ዋንጫውን ሳይሰጡኝ በፊት ካባ አለበሱኝ፤ ጥቁር ከፋይ፣ ዙሪያውን በወርቅማ ክር የተጠለፈ፣ ዘርፍ ያለው፣ ክብደቱ ደግሞ አንድ ጆንያ ድንች! ትከሻዬ ጠፋ፣ አንገቴ ጠፋ፣ ከላይ ፊቴ ብቻ ቀረ። ታዲያ መድረክ መሪው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አሁን ደግሞ እትዬ ዘነበች ከነካባቸው አንድ ዘፈን ይጋብዙናል!» ሰው አጨበጨበ። እምቢ ይባላል እንዴ? ዘፈንኩ።

እና ልጄ፣ ሌዳሞ አበላሸ። ሌዳሞ! ዱም ማለት ያለበት ቦታ ዝም፣ ዝም ማለት ያለበት ቦታ ዱም! እኔ ገና አፌን ልከፍት ስል እሱ አልፎኝ ሄዷል፣ እኔ ስይዘው ደግሞ ቆሞ ይጠብቀኛል። ደሜ ፈላ። እና ዕድሜ ልኬን አድርጌው የማላውቀውን፣ ዞር ብዬ ገላመጥኩት። በሰው ፊት! እሱ ግን እኔን አላየኝም፣ ካባውን ነው አፍጥጦ የሚያየው። ያኔ አልገባኝም።

ከዚያ ምስጋና ያቅርቡ አሉኝ። አቀረብኩ። ታደሰን አመሰገንኩ፣ ፒያኒስቱን አመሰገንኩ፣ ቤዝ ጊታሩን፣ ድምፅ ማጉያ የሚተክለውን፣ ቀሚሴን የሰፋችውን፣ በመጨረሻ ደግሞ፣ ስትስቂ አያለሁ፣ በር ላይ የቆመውን ጥበቃ! ለምን ጥበቃውን? ፊት ለፊቴ ስለቆመ ነዋ! ያየሁትን ሁሉ ጠራሁ። እና ሌዳሞን አልጠራሁትም። ተናድጄ ነው እንዳልልሽ፣ ተናድጄስ ነበር፣ ግን ሆን ብዬ አይደለም፣ ዓይኔ እሱ ጋ አልደረሰም። ይሄው ነው።

ሌዳሞ ሲከፋው አይጮህም። የድራም መምቻ ስቲኮቹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሰው ሁሉ ኬክ ሲበላ፣ ወደ እኔ መጣና እጁን ዘረጋልኝ። ዕድሜ ልኩን «ዘነቡ» ሲለኝ የኖረ ሰው ምን አለኝ መሰለሽ? «እንኳን ደስ አለዎት፣ ወይዘሮ ዘነበች።» አለዎት! እኔን! በቃ፣ ያኔ ነገር እንዳለ አወቅኩ።

በማግስቱ ልምምድ ቀረ። ደወልኩ፣ ሚስቱ ማርታ አነሳች። «ሌዳሞ የት አለ?» «እንሰት እየተከለ ነው፣ እትዬ።» በሦስተኛው ቀን ደወልኩ። «እንሰት እየተከለ ነው።» በሳምንቱ ደወልኩ። «እንሰት እየተከለ ነው።» «ማርታ፣ ቡሹሎ ቦታ ተረፈ እንዴ?» አልኳት። ሳቋን አፍና ዘጋችው።

ታዲያ የጉዱማሌ ሜዳው ዝግጅት እየደረሰ ነው፣ ከዚያ በሁለት ሳምንቱ ደግሞ የአዲስ አበባው አለ፣ ማስታወቂያው ተለጥፏል፣ እና አንቺን አመጡልኝ። አሁን አንቺ ጋ ደረስን። ጎበዝ ነሽ፣ ናርዶስ። እኔ ባዶ ውዳሴ አላውቅም። እንደ ሰዓት ነሽ፣ ዝንፍ የለም። ግን ምን ሆነ? ያቺን ቀስ የምትለዋን ዘፈን ስንጀምር፣ ትንፋሽ ወስጄ ልገባ ስል አንቺ ሄደሻል። ደግመን ጀመርን፣ ሄደሻል። ሦስተኛ ጊዜ፣ ሄደሻል። አንቺ ቆጥረሽ ነው የገባሽው፣ ልክ ነሽ። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ለካ ዕድሜ ልኬን እዘገይ ነበር፣ እና የሚጠብቀኝ ሰው ነበረኝ።

ፈራሁ። ደህና መስዬ ቤቴ ገብቼ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አለቀስኩ። ድምፄ ያረጀ መሰለኝ። ጉዱማሌ ላይ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ በሚከበርበት ሜዳ፣ ሜዳ ሙሉ ሰው ፊት፣ የራሴ ዘፈን ጥሎኝ ሲሄድ ታየኝ። ለታደሰ ደወልኩና «ይቅርብኝ፣ ሰዎቹን አሞኛል በልልኝ» አልኩት። እሱ ምን አለኝ? «አንቺን ያመመሽ ቡሹሎ ነው። ተነሺ ልብስሽን ልበሺ፣ በባጃጅ እየመጣሁ ነው።»

ሄድን። ሌዳሞ ጓሮ ነው፣ እውነትም እንሰት መሃል ቆሟል፣ ግን አንድም የተከለው የለም፣ ቆሞ ነው የሚያየው! በሲዳምኛ ሰላም አልኩት፣ ሲዳምኛዬ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቅብኝ። አልሳቀም። «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለኝ። አሁንም እርስዎ! ማርታ ከእንሰት የተሠራ ቡርሳሜ በቅቤ አቀረበችና አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ባሏ እየሰማ፣ «እትዬ፣ ይህ ሰው ማታ ሲጸልይ የባንዱን ሰው ሁሉ በስም እየጠራ ነበር የሚጸልየው። አሁን እርስዎን ይዘላል። ለታደሰ ይጸልያል፣ ለፒያኖው ይጸልያል፣ ትላንት ለድምፅ ማጉያው ሁሉ ጸለየ፣ እርስዎን ዘለለ» አለችኝ። ታደሰን ቡርሳሜው ትን አለው።

«ያቺን ግራጫ ብርድ ልብስ ሳይቀር ይዞ መጣ» አለች ደግሞ። ብርድ ልብሷን አንቺ አታውቂያትም። ትልቁ ድራም፣ በእግር የሚመታው፣ ባዶውን ከሆነ ይጮሃል፣ እና ሌዳሞ ከድሮ ጀምሮ አንዲት አይጥ የበላት ብርድ ልብስ ውስጡ ይጠቀጥቅ ነበር። ስንቴ ጣላት ብዬ ለምኜዋለሁ መሰለሽ! «እዚህ አምጥቶ አጠባት፣ በእጁ ላይ ተበጣጠሰች» አለች ማርታ። እሷን ሲሰማ ሌዳሞ አንገቱን ደፋ። እኔም ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ብርድ ልብሷን ይዞ ከሄደ፣ ሰውየው የምሩን ነው የሄደው።

እና ተነሳሁ። «ሌዳሞ፣ አጥፍቻለሁ» አልኩት። «ጥበቃውን አመስግኜ አንተን ዘለልኩ። ሰበብ የለኝም። ከኋላዬ ስለሆንክ ዓይኔ አልደረሰብህም፣ ጥፋቱም እሱ ነው፣ ይህን ሁሉ ዘመን አንዴም ዞሬ አላየሁህም፣ ያየሁህም ቀን ገላመጥኩህ። አሁን ግን ከኋላ አትቀመጥም። ፊት፣ አጠገቤ ትቀመጣለህ፣ ሕዝቡ ያይሃል፣ እኔም አይሃለሁ።» ቡርሳሜውን ወደ ታደሰ ገፋ አደረገ። ታደሰም ለመነው። ማርታ በመጨረሻ «አንተ ሰው፣ እንሰቱ እንደሆነ የትም አይሄድም» አለችው። ያኔ ከንፈሩ ትንሽ ፈገግ ሲል አየሁት፣ እና «እሺ፣ ልምጣ» አለ።

መጣ። ድራሙን ከቀኜ ተከልንለት። አንቺ ያን ቀን ፈተና ላይ ነበርሽ። ያቺኑ ቀስ የምትለዋን ጀመርን፣ እና ልጄ፣ የሽልማቱ ቀን ይሻል ነበር! እሱ ይቀድማል፣ እኔ እዘገያለሁ፣ ታደሰ መሃል ላይ ሳክስፎኑን ከአፉ አውርዶ «የማንን ልከተል?» አለ። በቃ አርጅተናል ብዬ ማይኩን ላስቀምጥ ስል፣ ሌዳሞ ስቲኮቹን ጉልበቱ ላይ አደረገና፣

«ወደ ቦታዬ መልሱኝ» አለ።

«ለምን? አክብሬህ እኮ ነው!»

«አክብረሻል። ግን ትከሻሽን አላየውም።»

«የምን ትከሻ?»

«ያንቺን ትከሻ ነዋ! አንቺ ልትገቢ ስትይ የግራ ትከሻሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ሲወርድ እመታለሁ። እኔ መቼ ቆጥሬ አውቃለሁ? ዕድሜ ልኬን እሱን እያየሁ ነው የምመታው። ከጎን ሆኜ የሚታየኝ አፍንጫሽ ነው።»

ስሚኝ እንግዲህ! እኔ አንዴም ዞሬ ያላየሁት ሰው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ዓይኑን ከእኔ አላነሳም። ከዚያ ትዝ አለኝ። «ሌዳሞ፣ የሽልማቱ ቀን…» ስል፣ «ያንን ጉድ ጭነውሽ!» አለ። «ትከሻ የለ፣ ጀርባ የለ፣ በየት በኩል ልይሽ? መጋረጃ እኮ ነው ከፊቴ ያቆሙብኝ!» ይኸውልሽ። ድሮም አንድ ክረምት፣ ሐይቁ ዳር ሠርግ ላይ ስንጫወት፣ በርዶኝ ጋቢ ደርቤ ነበር፣ እና ያን ቀንም አበላሽቶ «ጠጥተሃል እንዴ?» ብዬዋለሁ። ጴንጤውን ሰውዬ! በሕይወቱ ከለስላሳ ሌላ ቀምሶ የማያውቀውን! ያኔም አልነገረኝም።

«ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልክ?» አልኩት።

«ብነግርሽ ታስቢበታለሽ። ካሰብሽበት ደግሞ ትከሻሽ ይዋሻል።» አለኝ። «እና ዘነቡ፣ አሁንም እርሺው።»

ዘነቡ አለኝ! እኔ የሰማሁት ያቺን ስም ብቻ ነው። ድራሙን ወደ ግድግዳው መለስን፣ ፊቴን አዞርኩ፣ ትንፋሽ ወሰድኩ፣ እና ዱም! እዚያው። እኔ ያለሁበት ቦታ። ታደሰ እንኳ ዓይኑን ጠራረገ፣ ጉንፋን ነው አለ እንጂ።

ለዚህ ነው ከድራሙ ያስነሳሁሽ፣ ናርዶስ፣ ስላልቻልሽ አይደለም። ኮንጋውንም ከሌዳሞ ጎን፣ ከኋላዬ ያስደረግኩት ለዚህ ነው። እሱ የሚያየውን እዪ። እኔ ምን እንደሚያይ አልጠይቅም፣ አንቺም አትንገሪኝ።

ካባውን? የጉዱማሌ ሰዎች ደውለው «እትዬ፣ ቅዳሜ ካባዎን ለብሰው ነው የምንፈልግዎት፣ ፖስተሩ ላይም እንደዚያ ነው ያሉት» አሉኝ። የለኝም አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ የለኝም፣ ያንኑ ቀን አጣጥፌ ለሌዳሞ ሰጠሁት። «ግማሹ ሽልማት ያንተ ነው፣ ዋንጫው ለሁለት አይቆረጥምና ይህን ውሰድ» አልኩት። አገላብጦ አየው፣ ጨመቅ ጨመቅ አደረገው፣ ገበያ ወጥቶ ጨርቅ የሚመርጥ ነው የሚመስለው፣ እና «ጥሩ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ቦታ አለኝ» አለ። መቼም ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ይሆናል። ማርታ አቧራውን ታራግፍለታለች። ደስ ይለኛል፣ እንግዳ ሲመጣ ያያል፣ ሌዳሞም ክብሩን አገኘ ማለት ነው። እሱ ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ ድራሙ ድምፁ እንዴት እንዳማረ አስተውለሻል? ለስለስ፣ ሞላ ያለ፣ ያ የድሮው ጩኸት ጠፍቷል። የሰው ልብ ደስ ሲለው እኮ እጁም፣ እግሩም… ምነው? ምን ያስቅሻል?

«እትዬ…»

ምንድን ነው? ተናገሪ እንጂ!

«እትዬ፣ ሰኞ ዕለት ኮንጋውን ሳስተካክል፣ ከትልቁ ድራም የፊት ቀዳዳ የወርቅ ዘርፍ ወጥቶ ተንጠልጥሎ አይቼ፣ የመጋረጃ ቁራጭ መስሎኝ መልሼ ወደ ውስጥ ጠቀጠቅኩት።»

የወርቅ ዘርፍ? የኔ ካባ? ብርድ ልብሷን… ኧረ ሌዳሞ! ኧረ ይህ ሰውዬ! ቦታ አለኝ ሲለኝ ለካ… ውይ ሆዴን፣ ውይ፣ ቆይ ልተንፍስ! ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያጨበጨበለት ካባ!

በይ ዝም በይ፣ ባጃጁ ቆመ፣ መጣ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ድምፁ ግን አምሯል አይደል?

«በጣም አምሯል፣ እትዬ።»

እንግዲያው እዚያው ይቀመጥ። እኔን ከሚጋርደው እሱ ቢረግጠው ይሻላል።