ሁለት ሆኖ የታየኝ ሳንቲም

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙዚየማችን ኃላፊ፣ ውድ ባልደረቦቼ! ሥራችሁን ጥላችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ኬኩ ላይ ስሜን በትልልቁ ለጻፋችሁትም አመሰግናለሁ። ለምን እንዳተለቃችሁት ገብቶኛል!

«ጡረታው ሳይደርስ ምን አስቸኮለው?» ስትሉ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ከኔው አፍ ስሙት።

ሥራዬን ታውቁታላችሁ። አሮጌ ሳንቲም ይመጣልኛል። እንከን ካለበት፣ እንከኑ ሲታተም የተፈጠረ ነው ወይስ ኋላ ከእጅ እጅ ሲዞር የደረሰበት? እሱን መለየት ነው። ማተሚያው ሁለቴ ካረፈበት፣ እያንዳንዱ ፊደል ከጎኑ ሌላ ፊደል ያወጣል። እንዲህ ያለው ብርቅ ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት አዛውንት እናት የሟች ባለቤታቸውን ሳንቲም በመሐረብ ቋጥረው መጡ።

«ሁለቴ የተመታ ነው እያለ ሞተ። እኛ ቤተሰቡ ስንስቅበት ኖርን» አሉኝ።

አጉሊ መነጽሬን አስጠጋሁ። የንጉሡ አፍንጫ ሁለት፣ ፊደሉም ሁለት! «እውነታቸውን ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ። የሴትዮዋ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ይቅር በለኝ» አሉ፤ ለሟቹ ነው።

ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው፣ «ሚዛን» የምንላት ባልደረባችን፣ ተቀብላኝ አየችው። ገልብጣ ደግማ አየችው።

«ምነው?»

«ጋሼ፣ አንድ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! አፍንጫውን እይው እንጂ!»

ከቦርሳዋ አንድ አዲስ ሳንቲም፣ የታክሲ መልስ፣ አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችው። በመነጽሬ አየሁት። እሱም ሁለት ነበር።

አሁን ለኚያ እናት ምን ይባላል? እንደምንም ነገርኳቸው። ሳንቲሙን መልሰው ቋጠሩና፣ «የእሱስ ነገር ይቆይ። ልጄ፣ አንተን ሐኪም አይቶሃል?» አሉኝ። ክንዴን ይዘው ደረጃውን ያወረዱኝ እሳቸው ናቸው።

ሐኪሙ በግራ ዓይኔ ተስፋ ቆርጧል። ቀኙን «እንሞክራለን» ይላል። ልጄ «አባዬ፣ እሰይ፣ አረፍክ» ትለኛለች። ምኑን አረፍኩት? ዓይኔ መቼ መዋሸት እንደጀመረ አላውቅም። ከዚያች ቀን በፊት ስንቱን «ብርቅ ነው» ብዬ በከንቱ አስፈንድቄ ይሆን? ቁጭ ብድግ የሚያሰኘኝ ይሄ ነው።

ኃላፊያችን በቅርብ የመረመርኳቸው ሳንቲሞች ሁሉ እንደገና እንዲታዩ ፈቅደውልኛል፤ ውለታቸውን አልረሳም። ሚዛን፣ ሥራው ያንቺ ነው። «ጋሼ ይከፋዋል» ብለሽ አንዱንም እንዳታልፊ። የተሳሳትኩባቸውን ሰዎች ጠርተሽ ንገሪያቸው፤ ስሜንም አትደብቂ። ይከፋኛል፤ ቢሆንም ንገሪያቸው።

በሉ እንግዲህ፣ ጤና ይስጣችሁ። የልጆቻችሁን ወግ ማዕረግ ያሳያችሁ። ዓይናችሁን ይጠብቅላችሁ። ስትሳሳቱም ወዷችሁ፣ ሳይፈራ ፊት ለፊት የሚነግራችሁ ሰው አያሳጣችሁ።