አምስት የገባበትን በረኛ የመረጠው ሰው

የተከበራችሁ ሼኾቻችን፣ የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ የዕድራችን ሰዎች፣ የገበያው ነጋዴዎች፣ የድሮ የንህቢ ተጫዋቾችና ደጋፊዎች! ኣሕዋተይ፣ ኣሓተይ፤ ወንድሞቼና እህቶቼ! መንገዱ ስለተዘጋባችሁ በአፋር በኩል ዞራችሁ ከሐይቅና ከኮምቦልቻ የመጣችሁ የወንድማችን ዘመዶች! እንኳን በሰላም ገባችሁ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ስንቀብረው አልደረሳችሁም፤ ዛሬ ግን ከእኛ ጋር ተቀምጣችኋል። ለሁላችንም ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጠን።

ስሜ ዘርኡ ይባላል። የንህቢ ስፖርት ክለብ ጸሐፊ ነበርኩ። ንህቢ በእኛ አፍ ንብ ማለት ነው። ክለቡ ዛሬ የለም። አብዱልወዱድ በዚያ ክለብ ኮሚቴ ውስጥ የደጋፊዎች ተወካይ ነበር። ባለቤቱ ሩፋይዳ ዛሬ ጧት «አንተ ተናገር» አለችኝ። «ለምን እኔ? ከሁሉም ይልቅ የተጨቃጨቅነው እኔና እሱ ነን» አልኳት። «ለዚያ ነው» አለች።

በአማርኛ የምናገረው ለእንግዶቻችን ብዬ ብቻ አይደለም። የአብዱልወዱድ ትግርኛ ጥሩ ነበር። ከገበያው ሰው ሁሉ ጋር ይግባባበታል። ሲናደድ ግን አማርኛ ይቀናው ነበር። ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር የሚያወራው።

ላስለቅሳችሁ አልቆምኩም። ማስለቀስ አልችልበትም። ጸሐፊ ነኝ፤ የሆነውን እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ማን ነበር? በ1985 ዓ.ም. ከሐይቅ የመጣ ሰው ነበር። መጀመሪያ የቀን ሥራ ሠራ፤ ድንጋይ ጫነ፣ አሸዋ አወረደ። ቀጥሎ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ ሰልባጅ ሸጠ። ከሰልባጁ መሃል ታኬታ ጫማ ሲያገኝ ለብቻ ያስቀምጠው ነበር። በዚህ ከተማ ኳስ የተጫወተ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እሱ ፊት በባዶ እግሩ ቆሟል። ቁጥር አይጠይቅም፤ እግር አይቶ ያውቃል። በኋላ ሱቅ ከፈተ። ቅዳሜና እሑድ ሱቁን ለሩፋይዳ ትቶ ሜዳ ይውላል። የትምህርት ቤት ጨዋታ፣ የፋብሪካ ጨዋታ፣ ዓይናለም ሰፈር አቧራ ላይ የሚደረግ ጨዋታ፤ አይመርጥም። ደጋፊዎቹ ተወካይ ምረጡ ሲባሉ ከእሱ ሌላ ስም የጠራ አልነበረም።

በ1999 ዓ.ም. ክለባችን እየሞተ ነበር። ከሃያ ስድስት ጨዋታ ዐሥራ ሦስቱን ተሸንፈን በአንድ ነጥብ ብልጫ ከመውረድ ተረፍን። ክረምት ላይ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አምስት ነበርን። ሰብሳቢያችን ኣቶ ኣስፋሃ፤ እዚያ ተቀምጠዋል፣ ብሳሳት ያርሙኛል። አሰልጣኙ ገብረዝጊ። የቡድኑ ሐኪም። አብዱልወዱድና እኔ። ጥያቄው አንድ ነበር። ማንን እናስፈርም?

«አጥቂ» አሉ ኣቶ ኣስፋሃ። ከአዲስ አበባ የሚመለስ ስም ያለው አጥቂ ነበር፤ ኣረፋይነ፣ የዓዲግራት ልጅ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ። ሁላችንም ተስማማን። አብዱልወዱድ እጁን አወጣ።

«ዐሥራ ሦስት ጊዜ ተሸንፈናል» አለ። «ዘጠኙን የተሸነፍነው በመጨረሻው ሩብ ሰዓት በገባብን ጎል ነው። አጥቂ ምን ያደርግልናል? ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት መጋረጃ ይገዛል እንዴ?»

«ሕዝቡ ጎል ይወዳል» አሉ ኣቶ ኣስፋሃ።

«ይወዳል። የኛን ነው እንጂ የነሱን አይደለም!»

ሳቅን። ስቀን ስናበቃ ድምፅ ሰጠን። አራት ለአንድ። ይህ በቃለ ጉባኤው ተጽፏል።

ኣረፋይነ መጣ። ሕዝቡ ወጥቶ በጭብጨባ ተቀበለው። አራት ጎል አገባ። በሰባተኛው ጨዋታ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሆስፒታል ተኛ። ከኮሚቴው ማን ጠየቀው? ያስፈረሙት ኣቶ ኣስፋሃ ጠየቁት? እኔ ጠየቅሁት? አልጠየቅንም። አንድ ቀን ወረቀት ላስፈርመው ሄድኩ። በሩን ስከፍት አብዱልወዱድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከፔርሙዝ ሾርባ ይቀዳለታል። ነርሷ እንደነገረችኝ በየሁለት ቀኑ ይመጣ ነበር። አብረን ስንወጣ፣

«አንተ አይደለህ እንዴ አልፈልገውም ያልከው?» አልኩት።

«አጥቂውን ነው ያልፈለግሁት» አለኝ። «ሰውየውን አልፈልግም መቼ አልኩ?»

ይህ በቃለ ጉባኤው የለም።

በዚያ ዓመት እንደምንም ሳንወርድ ቀረን። ክረምት ሲገባ ከኮምቦልቻ አንድ ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ መጣ። አምስት ለባዶ አሸነፍናቸው። እኛ፣ ንህቢ፣ አምስት ለባዶ! ሜዳው በፉጨት ተናጋ። ሁላችንም የራሳችንን ልጆች እናያለን። አብዱልወዱድ ግን ከዚያኛው ጎል ጀርባ ሄዶ ቆሞ ነበር።

በሳምንቱ ስንሰበሰብ «በረኛ አግኝቻለሁ» አለ።

«ማን?»

«ዛሂድ። የኮምቦልቻው።»

ሐኪሙን ሻይ ትን አለው። «አምስት የገባበት?»

«አዎ፣ አምስት የገባበት። አምስቱም ሲገባ አይታችኋል። ከእያንዳንዱ በኋላ ምን እንዳደረገስ አይታችኋል? ተነሣ። ተከላካዮቹን በእጁ አስተካከለ፤ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ኋላ። አልጮኸባቸውም። አምስት ገብቶበት ስድስተኛውን እንደ መጀመሪያው የሚጠብቅ ሰው ነው። እኛ ጋ የጠፋው ይሄ ነው።»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ቃል በቃል ልድገመው። «አብዱልወዱድ፣ ኳሱን ተወው። ያገርህን ልጅ ልታስገባብን ነው» አልኩ።

ገብረዝጊ መሬት መሬት አየ። እኔ ያልኩት ነገር ትክክል መስሎኝ ነበር ብዬ ብነግራችሁ እዋሻለሁ። እንዳልሆነ ከአፌ እየወጣ ሳለ ነው የታወቀኝ። ግን ወጥቷል።

አብዱልወዱድ አልጮኸም። ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«ዘርኡ» አለኝ። «እዚህ ከተማ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አራቱም ልጆቼ የተወለዱት እዚህ ነው። እርስ በርሳቸው የሚሰዳደቡት በትግርኛ ነው። ያገሬን ልጅ አታምጣ ካልከኝ ከዚህ ሰፈርም አንድ ልጅ አላመጣልህም ማለት ነው። ወዴት ሄጄ ልፈልግልህ?»

ወደ መዝገቤ አጎነበስኩ።

«ጻፈው» አለኝ ቀጥሎ። «ያልከውንም፣ ያልኩትንም ጻፈው።»

አልጻፍኩትም። ቃለ ጉባኤውን ዛሬ ብትከፍቱት «ከውይይት በኋላ» ነው የሚለው። ሁለት ቃል። ገብረዝጊ «የልጁን እጆች እኔም አይቻለሁ፤ ስጡኝና ልሞክረው» ስላለ ሦስት ለሁለት አለፈ። ከሁለቱ ተቃዋሚዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። እሱስ ተጽፏል።

ዛሂድ፣ እስቲ ተነሥ፤ ይዩህ። ይኸውላችሁ። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ በረኞች ያሠለጥናል። ከአብዱልወዱድ ጋር ዝምድናም፣ ትውውቅም አልነበራቸውም። የተዋወቁት ለፊርማ ሲመጣ አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ ነው፤ ያስተዋወቅኳቸውም እኔው ነኝ። ቁጭ በል፣ ሓወይ፣ ወንድሜ።

የ2001 የመጨረሻ ጨዋታ ትዝ ይላችኋል? አቻ ከወጣን እንቆያለን፤ ከተሸነፍን እንወርዳለን። በአምስተኛው ደቂቃ ገባብን። ኳሷ በዛሂድ እግር ሥር አለፈች። ከኋላዬ አንድ ሰው «ከየት ነው ያመጣችሁት!» ብሎ ጮኸ። አብዱልወዱድ አጠገቤ ነበር። ዞሮም አላየው። ከዕረፍት በኋላ አገባን፤ አንድ ለአንድ። ሰባ አምስተኛው ደቂቃ መጣ፤ ዘጠኝ ጊዜ የሞትንበት ሰዓት። ዛሂድ ምን አደረገ? ዘለለ? ተወረወረ? ምንም። በእጁ ብቻ ሰው ያስቀምጣል። አንተ ግራ። አንተ ኋላ። አንተ ጠብቅ። በዚያ ሩብ ሰዓት አንድም ኳስ ጎል ላይ አልደረሰችም። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ሕዝቡ ጎል ያገባውን ልጅ ተሸክሞ ዞረ። አብዱልወዱድ ብቻውን ወደ ጎሉ ሄደ። ምን እንዳለው አልሰማሁም። ዛሂድ ግን አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ።

በዚያው ሳምንት አብዱልወዱድ ከኮሚቴው ለቀቀ። «የሱቁ ሥራ በዛብኝ» የሚል ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤውን ተቀብዬ መዝገብ ቤት አስገባሁት። ሱቁ ሥራ እንዳልበዛበት አውቅ ነበር።

ሁልጊዜ ልክ ነበር? አልነበረም። ቃላሚኖ ትምህርት ቤት ይማር የነበረ አንድ የግራ ክንፍ ተጫዋች ለሙከራ ሲመጣ «ይሄ ንፋስ ይጥለዋል» ብሎ ያስመለሰው እሱ ነው። ልጁ በኋላ ትልቅ ሊግ ተጫወተ። ቴሌቪዥን ላይ ባየው ቁጥር አብዱልወዱድ «ንፋሱ አልነፈሰም» ይል ነበር። ግትርም ነበር። አንድ ጨዋታ ላይ ከዳኛ ጋር ተጨቃጭቆ ሁለት ሳምንት ሜዳ እንዳይገባ ተከልክሏል። የሞተ ሰው ስሕተት አልነበረበትም አይባልም፤ እሱም አይወደውም።

እሱ ከሄደ በኋላ ኮሚቴው ተሰብስቦ ዛሂድን አሰናበተ። ምክንያቱን ልንገራችሁ? «ይህ በረኛ ኳስ ሲያድን አላየንም።» በእጄ ነው የጻፍኩት። በምትኩ ሁለት አጥቂ አመጣን። በ2002 ወረድን። በ2004 ንህቢ ፈረሰ። ማንም ከውጭ አላፈረሰብንም። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብለን፣ ሻይ እየጠጣን፣ ድምፅ እየሰጠን አፈረስነው። ኣቶ ኣስፋሃ፣ ተሳሳትኩ? አልተሳሳትኩም። እሺ።

ከዚያ በኋላስ? ተኳረፍን? አልተኳረፍንም። ስንገናኝ ስለ ኳስ እናወራለን። ልጁ ሙስሊማ ስትዳር ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ። እናቴ ስትሞት ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ዋለ። ስለዚያች ስብሰባ ግን አንድም ቀን አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። አሥር ዓመት። ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ሦስት ጊዜ ሱቁ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ጫማ ገዝቼ ተመለስኩ።

ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሱቁ ውስጥ ወደቀ። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ለአራተኛ ጊዜ የምሄድበት ቀረ።

ዛሬ ጧት ሩፋይዳ ተናገር ስትለኝ፣ ይህን ሳልነግራት ብቆም ነውር መሰለኝ። ነገርኳት። ያልኩትን ቃል ነገርኳት። እሷ ዕቃ እያጠበች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ያን ቀን ማታውኑ ነግሮኛል።»

«ምን አለሽ?»

«መጀመሪያ ቀን እራት አልበላም። በኋላ በኋላ ግን ይስቅ ነበር። ሱቅ ስትመጣ ያይሃል። ‹ዘርኡ ዛሬም አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰበት፤ እስኪወጣለት ጫማ እሸጥለታለሁ› ይለኝ ነበር።»

ወገኖቼ፣ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

አብዱልወዱድ፣ አሁን ለአንተ ነው። ወሎዬዎች ስትለያዩ አንዳችሁ ከአንዳችሁ ይቅርታ የምትጠይቁበትን ቃል ከአንተ ነው የተማርኩት። ያኔ በአምስት ሰው ፊት ያልኩትን ዛሬ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አንሥቻለሁ፤ በሚስትህ፣ በልጆችህ፣ በዛሂድ ፊት። ያገሬ ልጅ ነበርክ። ጌታህ ማረፊያህን ያስፋልህ። አፈሩ ይቅለልህ። ደኅና ሁን፣ ሓወይ።

አውፍ በለኝ።