አያ ዘውዱ ያወጡት እጅ

አያ ዘውዱ ከገሳይ ገበያ ሲመለሱ ዶፍ ያዛቸውና ከአንዲት ደጃፍ ተጠለሉ። ባለቤቲቱ ማስተዋል የምትባል የጎረቤት ቀበሌ አስተማሪ ነበረች።

«ይግቡ እንጂ አያ፤ ምነው በር ላይ?» ብላ አስገባቻቸውና ትኩስ ሽሮ አቀረበች። መቼም አያ ዘውዱ በአበላል አይታሙም፤ ሁለት ጊዜ አስጨምረው «እጅሽ ይባረክ» ካሉ በኋላ ዙሪያውን ቃኙ። ጭስ የለም።

«እሳቱ የት ነው?»

ከጓሮ የመጣ ቱቦና ሰማያዊ ነበልባል አሳየቻቸው። «ከከብቶቻችን እበት የሚወጣ ጋዝ ነው፤ ባዮጋዝ ይሉታል።»

አያ ዘውዱ ክው አሉ። «በእበት የበሰለ አበላሽኝ?»

«ቤትዎስ በምን ይበስላል?»

«በኩበት ነዋ» አሉ። ሰው ያደገበትን ነገር አይመረምርም፤ ዕድሜ ልካቸውን የበሉት ወጥ በደረቀ እበት መብሰሉን ያን ቀን ገና አሰቡት።

«የኩበት ጭስ ዓይን ይጎዳል፤ ማሳውም ማዳበሪያውን ያጣል። በዚህ ግን ጋዙ ያበስላል፣ ዝቃጩ ገብሳችንን ያፋፋል።»

ዓይን ስትል ደነገጡ። የባለቤታቸው የፈንታነሽ ዓይን እየደከመ ነው፤ ሐኪሙም ጭስ አይንካት ካለ ቆይቷል።

«ታዲያ መንግሥት ለእናንተ ሰጥቶ እኛን ለምን ረሳን? አዲስ አበባ ሆኖ ማን ያየናል።»

ማስተዋል ለመናገር አመነታች። «ይህን የሚወስነው አዲስ አበባ አይደለም፤ ወረዳው ሲሚንቶና ባለሙያ ይመድባል፣ የቀበሌ ምክር ቤት ይቀበላል ወይም ይመልሳል። ዓምና የተመደበው ለእናንተ ነበር። ምክር ቤታችሁ ሲመልሰው ወደኛ ዞረ።»

«ማነው የመለሰው?»

«አንቱም እኮ የምክር ቤቱ አባል ነዎት፣ አያ።»

ፊታቸው ዐመድ መሰለ። የወረዳው ባለሙያ ሲያስረዳ «የእበት ወሬ ይብቃን» ብለው ሰውን ያሳቁት፣ የተቃውሞ እጃቸውንም ቀድመው ያወጡት እሳቸው ነበሩ። ሌላው ተከተላቸው።

ቤታቸው ሲደርሱ ፈንታነሽ ከምድጃው ቀና ብላ ፊት ለፊት አየቻቸው።

«ማነው?» አለች።

በሚቀጥለው ስብሰባ አያ ዘውዱ ተነሡ። «ጭሱ ከቤታችን ይውጣ፤ የእበቱ ጉልበት ለማሳችን ይመለስ፤ ሴቶቻችን ዓይናቸው ይትረፍ። ዓምና ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መንግሥት አላየንም እንላለን፤ እዚህ የተቀመጥነው እኛስ ማን ነን?» ሁሉም እጁን አወጣ። ወረዳው ግን የዘንድሮው ተመድቦ ማለቁንና ተራው ለከርሞ መሆኑን አስታወቀ።

እስከዚያው ድረስ፣ መንደሩ ጉድ እያለ፣ ጭሱ ውስጥ ቁጢጥ ብለው ወጥ የሚያማስሉት አያ ዘውዱ ሆኑ።