የድምቡሼ ማሟያ

ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ተንበርክከው የሱሪዬን እግር በስፒል እየያዙ ነበር። ድንገት ቀና ብለው ሰዓት አዩና «ቆይ እስቲ፣ የድምቡሼ ሽሮፕ ሰዓት ደረሰ» ብለው ተነሡ።

ድምቡሼ የልጃቸው ልጅ ናት። ዓመት ሊሞላት ነው፤ ዳውን ሲንድረም አለባት። እናቷ ሥራ ስትውል የሚይዟት እሳቸው ናቸው።

ከመደርደሪያው ሦስት ጠርሙስ አወረዱ። ከየጠርሙሱ አንዳንድ ማንኪያ ወደ አንድ ኩባያ ሲገለብጡ ደነገጥኩ።

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ማሟያ ነዋ! ‹የምግብ ማሟያ› ይላል፤ አንብቢው።»

አነበብኩት። ሦስቱም ውስጥ ቫይታሚን ኤ አለ፤ የሚሰጠውም በጠብታ ነው። የምሠራው እንቅስቃሴያቸው የዘገየ ሕፃናት በሚረዱበት የሆስፒታል ክፍል ነውና ነገሩ ገብቶኝ ኩባያውን ከእጃቸው ወሰድኩ።

«ሐኪም ነው ያዘዘው?»

«የሸጠልኝ ሰው ነው። ‹አእምሮ ይከፍታል› አለኝ። ስሚኝ ልጄ፣ ጨርቅ ሲያጥርብኝ ማሟያ እቀጥልበታለሁ። እሷንም ፈጣሪ ትንሽ አሳጥሮ ከቆረጣት፣ እኔ ልብስ ሰፊው አያቷ ዝም ብዬ ልይ?»

ሊያስቁኝ ፈልገው ነበር፤ ግን ድምፃቸው ተሰበረ።

«ጋሼ፣ ይሄ የሚያሟላው ምግብን እንጂ ልጅን አይደለም። በምርመራ የጎደላት ነገር ከተገኘ ሐኪም ለክቶ ያዝላታል። ተፈጥሮዋን የሚቀይር ሽሮፕ ግን የለም። ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ደግሞ ጉበት ይጎዳል። ሰሞኑን አስመልሷታል?»

ፊታቸው አመድ መሰለ። «ጥርስ ልታወጣ ነው ብዬ እኮ... በእጄ መርዝ ሳጠጣት ከርሜያለሁ?»

«ልጅቷን ይያዟት፣ እንሂድ።»

ሱሪዬ እንደተሰካ ክሊኒክ ገባን። ደሟ ሲመረመር ጉበቷ ደግነቱ አልተጎዳም። ሐኪሟ ሽሮፖቹን አስቁማ ሌላ ነገር ነገረችን፦ የልጅቷ ታይሮይድ፣ አንገት ላይ ያለው ዕጢ፣ በሚገባ አይሠራም። እንቅልፍ ያበዛችውና የደከመችው በዚህ ነው፤ ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ መድኃኒትም አለው። እኛ በጠርሙስ ስንከራከር እውነተኛው ጉድለት ሳይታይ ሊያልፍ ነበር!

ስንመለስ ልብስ ሰፊው መንገድ ላይ ቆሙ።

«እንግዲህ የታዘዘላትን እሰጣለሁ። ከዚያስ? እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

«እጅዎንማ አጥብቄ እፈልገዋለሁ። ነቅታ ሳለች በደረቷ ያስተኟት። እርስዎም ወለሉ ላይ ተኝተው ያጫውቷት፤ አንገቷ የሚጠነክረው ቀና ብላ ፊትዎን ስትፈልግ ነው።»

«በዚህ ወገቤ? ማን ያነሣኛል?»

«እኔ አለሁ።»

«የምላትን ትሰማኛለች?»

«ጆሮዋንም እናስመረምራለን። ከሰማች ቋንቋዋ የሚፈታው በእርስዎ ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ አያልቅብዎትም።»

ሳቁ፤ ዐይናቸውን ግን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ሰውዬው ሰነፍ ወይም ጨካኝ አልነበሩም፤ ፍቅራቸውን በጠርሙስ አሽጎ የሸጠላቸው ሰው ነበር ያሳሳታቸው። እንደ ድምቡሼ ያለ ልጅ በጊዜ ከተመረመረ፣ ከቤቱ ማዕድ በአግባቡ ከበላና በየቀኑ አብሮት የሚጫወት ሰው ካገኘ፣ በራሱ ጊዜ ይቀመጣል፣ ይሄዳል፣ ያወራል።

ቤት ስንደርስ ድምቡሼ እቅፋቸው ውስጥ ተኝታ ነበርና አልጋዋ ላይ አስተኟት። ልብስ ሰፊው ደረቷን የምታሳርፍበት ጥቅል ትራስ እንዲሠሩላት ነገርኳቸው። ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቀው፣ አፉን በእጅ ሰፍተው፣ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። በጉልበታቸው ተጭነው ጥንካሬውን ሞከሩ፤ ከዚያ እስክትነቃ ድረስ ከአልጋዋ ሥር አኖሩት።