ሜክሲኮ ላይ ወራጅ አለ

ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ያስፈራኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሌላ ሰው እስኪል እጠብቅና ልደታ ያልፈኛል፤ ሜክሲኮ አደባባይ ደርሼ በእግሬ እመለሳለሁ። ወንድሜ በር ሲከፍትልኝ «ዛሬም ሜክሲኮ ደርሰሽ መጣሽ?» ይለኛል።

ዘንድሮ እውነተኛው ሜክሲኮ ሄድኩላችሁ። አክስቴ በደቡብ በኩል ባለች ትንሽ ከተማ አግብታ ስለምትኖር እኔንና እማዬን ጋበዘችን። አንድ ቀን እኔና እማዬ ብቻችንን ገበያ ወጣን። ስንመለስ የተሳፈርንባት ሚኒባስ ቁርጥ የኛን ታክሲ ናት፤ ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ አንዷ ሴትዮ ዶሮ ታቅፋለች። አክስቴ «ቢጫው ቤተ ክርስቲያን ጋ ውረዱ፤ ካለፋችሁ መኪናው ተራራውን ይዞ ነው የሚሄደው» ብላናለች። ቤተ ክርስቲያኑ ብቅ ሲል እማዬ በክርኗ ነካችኝ።

«ተናገሪ እንጂ። ስፓኒሽ በስልክ ስትማሪ አልነበር የከረምሽው?»

የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ቤተ ክርስቲያኑ በመስኮቱ ማለፍ ሲጀምር ዓይኔን ጨፍኜ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። መኪናዋ ቀጥ አለች። እማዬ በሳቅ መውረድ አቃታት። በማግስቱ ያችው ሚኒባስ ገጠመችን። ቢጫው ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ ሹፌሩ እኔን ሳይጠብቅ «ወራጃሌ» አለና አቆመልን።

ልደታ ስንመለስ ወንድሜ በሩን ከፍቶ «እህስ፣ ሜክሲኮ ደርሰሽ መጣሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት፤ «ግን ሳላልፍ ነው የወረድኩት።»