የአያ ደሴ ፓሽን ፍሩት

ጎረቤቴ አያ ደሴ ፓሽን ፍሩት የሚሉትን የሩቅ አገር ፍሬ ጓሮው ተክሎ በቅናት ሊገድለኝ ነበር እላችኋለሁ። ሐረጉ አጥሩን አልፎ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ትንሽ ቢታገሡት ራስ ዳሽን ላይ ይጠመጠም ነበር። የዳባት ሰው ሳይቀር የእኔን በር እያለፈ እሱን ሊያይ ይመጣል። እሱም ልሙጡን ፍሬ እየቀጠፈ ያቀምሳል፤ እንግዳው ኮምጥጦት ፊቱን እያጨማደደ “ግሩም ነው!” ይላል። ለእኔ ግን መሬት ወድቆ የተጨማደደውን ወርውሮ “እንካ፣ ላንተ የተበላሸው ይበቃሃል” አለኝ። ቤቴ ገብቼ ብከፍተው ማር! ለካ የሚበስለው ሲጨማደድ ኖሯል። ከዚያ ወዲያ የወደቀውን እየለቀምን እኔና ሚስቴ በድብቅ ጠገብን። “አደራ፣ ትንፍሽ እንዳትል” ትለኛለች።

አንድ ቀን የንስሐ አባታችን እኔ ባለሁበት ደሴ ጓሮ መጥተው ኮምጣጣውን በግድ ዋጡና “ደሴ፣ እንዳንተ ያለ ገበሬ አላየሁም” አሉ። አንጀቴ እርር አለ። ከኪሴ የተጨማደደችዋን አውጥቼ “አባ፣ እስቲ ይችን ቅመሷት” አልኩ።

ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። “እሰይ! ይች ደግሞ ከየት መጣች?”

“ከደሴ ሐረግ ናት፤ መብሰሏን ያወቅሁ ግን እኔ ነኝ!” ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

አባ ወደ ደሴ ዞረው “ልጄ፣ እጅህ ይባረክ” ብለው መረቁት።

አሁን የወደቀውን አያ ደሴ ራሱ ይለቅማል። ሚስቴማ እስካሁን አላናገረችኝም።